ከሳይክል ወርዳችሁ ሰላም በሉ

ጥር 20 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ። ከጉዶ በረት አለፍ ብዬ መንገድ ዳር ተቀምጬ የማስቲሽ ቱቦ እጨምቃለሁ። አይወጣም። ደርቋል። የኋላ ጎማዬ በዚያው ቀን ለሁለተኛ ጊዜ ተንፍሷል። ትርፍ ከመነዳሪዬን ጠዋት ተጠቅሜበታለሁ። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ፀሐይዋ ልትገባ ነው። የለበስኩት አንዲት ስስ ጃኬት ብቻ ናት።

ያን ሌሊት የት እንዳደርኩ እነግራችኋለሁ። ግን ከመጀመሪያው ልነሳ፤ ቤት የተከፈተልኝ በዕድል ብቻ አይመስለኝም። አንድ ቀን ቀደም ብሎ ቻቻ አካባቢ አንድ ሽማግሌ ባይቆጡኝ ኖሮ፣ ያን ማታ እንዴት ብዬ በር እንደምቆም እንኳ አላውቅም ነበር።

ሐሳቤ ከአዲስ አበባ ተነስቼ፣ በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በርና በደብረ ሲና አድርጌ ሸዋ ሮቢት መውረድ ነበር። በመኪና ጠዋት ወጥተው ለምሳ የሚደርሱበት መንገድ ነው። እኔ አምስት ቀን ፈጀብኝ። ስፖርተኛ አይደለሁም። ቢሮ ተቀምጬ የምውል፣ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ሳይክል የምነዳ ሰው ነኝ። ይህን የምለው "እኔ አልችልም" ለሚሉ ነው።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር። ያኔ መንገዱ ሰላም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰሜን ሸዋ ብዙ አይቷል። ዛሬ መሄድ የሚያምራችሁ ካላችሁ፣ ከሁሉ በፊት እዚያ ላለ ሰው ደውሉ። ዘመድ ከሌላችሁ መስመሩ ላይ የሚሠራ ሹፌር ጠይቁ። "አሁን ይቅር" ካሏችሁ ይቅር። ሳይክሉ የትም አይሄድም።

ሳይክሌ ያገለገለ ማውንቴን ባይክ ነው፣ ባለ 21 ማርሽ። ከኋላው ብረት አስበየድኩለትና መርካቶ ከሸራ ሁለት ቦርሳ አሰፋሁ። ከያዝኩት ውስጥ የጠቀመኝ በሶ፣ ሁለት ሊትር ውሃ፣ የእጅ ጓንት፣ የእጅ ባትሪና ትርፍ የፍሬን ጎማ ነው። ያልጠቀመኝ ድንኳኑ ነው። አምስት ኪሎ የሚመዝን ድንኳን ተሸክሜ ሄጄ አንድም ቀን ሳልተክለው ተመለስኩ። ማስቲሹን ደግሞ ከመነሳቴ በፊት ከፍቼ አላየሁትም። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር።

ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወጣሁ። እስከ ሰንዳፋ ያለውን መንገድ በጊዜ ጨርሱት። ሲኖትራኩና ሚኒባሱ ከተነሳ በኋላ ደስታ የለውም። ከአለልቱ ወዲያ ሜዳው ይከፈታል። ጥር ስለሆነ እህሉ ታጭዷል። ውድማ ላይ በሬዎች ይዞራሉ፣ ገለባው ይበናል፣ የኩበት ክምር በየደጁ ቆሟል። ማንም ያልነገረኝ የነፋሱን ነገር ነው። ከረፋዱ በኋላ ከፊት ለፊት ይነሳና ሜዳውን ዳገት ያደርገዋል። ጠዋት በሰዓት አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ስሄድ ነበር፤ ከሰዓት በእግር ከሚሄድ ሰው ጋር እኩል ሆንኩ። በቀን የምትሄዱትን ስታስቡ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ከምሳ በፊት አድርጉት።

ያን ቀን ሸኖ አደርኩ። ማታ ፍርፍር አዘዝኩ። ስለ ሸኖ ቅቤ የሚወራው ሁሉ እውነት ነው። ከዚህ በላይ አልልም።

በነገታው ቻቻን አልፌ ቁልቁለት ቢጤ አገኘሁ። አንገቴን ደፍቼ ስከንፍ ድንጋይ መጥቶ የኋላ ቦርሳዬን መታው። እስከዚያ ድረስ ሕፃናቱ "ሃይላንድ! ሃይላንድ!" እያሉ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ሲጠይቁኝ ነበር የመጡት። አንዳንዶቹ "ቻይና!" ይሉኛል። አልመለስኩም ነበር። የድንጋዩ ሲመጣ ግን ደሜ ፈላ። ሳይክሉን ጣልኩና ልጁን ላባርረው ሮጥኩ። ልጁ ካቡን ዘሎ ጠፋ። በሱ ቦታ ጋቢ የደረቡ፣ ዱላ የያዙ ሽማግሌ ብቅ አሉ።

ሊያዝኑልኝ መስሎኝ አቤቱታዬን ጀመርኩ። እሳቸው ግን እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

"ልጁን እኔ እቀጣዋለሁ፤ እሱ የኔ ጉዳይ ነው። አንተ ግን ምን ሆነህ ነው በሰው ደጅ እንደ አውሎ ነፋስ የምታልፈው? እንደምን ዋላችሁ አይባልም?"

ምን ልበል? ጆሮዬ ላይ ሙዚቃ ሰክቻለሁ። ጥቁር መነጽር አድርጌያለሁ። ራሴ ላይ የእንቁላል ቅርፊት የመሰለ ሄልሜት ደፍቻለሁ። በራሴ አገር፣ ቋንቋዬን በሚናገር ሰው ፊት፣ ባዕድ መስዬ ነበር የማልፈው። "አጥፍቻለሁ አባባ" አልኳቸው። ወዲያው ለዘቡ። ልጁን ጠርተው ውሃ አስመጡልኝ። ልጁም ትንሽ ቆይቶ ሳይክሉን ከኋላ እየገፋ የሚቀጥለውን ዳገት አወጣኝ። አሥር ዓመት አይሞላውም፤ ከኔ የተሻለ ሳንባ አለው።

ከዚያ በኋላ ሥርዓቴን ቀየርኩ። ሙዚቃውን ቦርሳ ውስጥ ከተትኩ። መነጽሩን ሰው ሳይ አወልቃለሁ። መንገድ ዳር ሰው ካለ ፍጥነቴን ቀንሼ "እንደምን ዋላችሁ!" እላለሁ። ውድማ ላይ ላሉ "እግዜር ያበርታችሁ!" እላለሁ፤ ሥራቸውን ሳያቆሙ "አሜን፣ ላንተም!" ይሉኛል። ሕፃናት በብዛት ከተሰበሰቡ ደግሞ ወርጄ እየገፋሁ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ስማቸውንና ስንተኛ ክፍል እንደሆኑ እጠይቃለሁ። ከኔ ጋር እያወራ ድንጋይ የወረወረ ልጅ አላጋጠመኝም። ለውሻም ያው ነው። ከሳይክል ስትወርዱና ሳይክሉን በእናንተና በውሻው መካከል ስታደርጉት አብዛኛው ይተዋችኋል። የሚሮጥ እግር ነው የሚያሳብዳቸው።

ደብረ ብርሃን ማክሰኞ ማታ ገባሁ። ከተማዋ ከ2800 ሜትር በላይ ናት፤ ጥር ላይ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ጠዋት ሳይክሌን ሆቴሉ ግቢ ውስጥ ሳየው ኮርቻው ላይ ነጭ ነገር ተጋግሯል። በጥፍሬ ፋቅኩት። የከተማዋን ስም ያወጡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው፤ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ተብሎ። እኔ ያን ጠዋት ያማረኝ ብርሃን የፀሐይ ብቻ ነበር። እስኪሞቅ ጠብቄ ሦስት ሰዓት ላይ ወጣሁ። ይህም ስሕተት ሆነ። የዘገየሁትን ሁለት ሰዓት ማታ ላይ ከፈልኩት።

ከከተማው እንደወጣሁ ጎማዬ ተነፈሰ። ትርፉን ከመነዳሪ ቀየርኩና ቀጠልኩ። በነፋሱ እየታገልኩ ጉዶ በረትን አለፍኩ። ከዚያ መጀመሪያ ላይ የነገርኳችሁ ሆነ።

ሳይክሉን እየገፋሁ መሄድ ጀመርኩ። መጀመሪያ ያገኘሁት አንድ ሻይ ቤት ነው። አልጋ እንደሌላቸው ነገሩኝ። መሬት ላይም ልተኛ ብዬ ጠየቅኩ። ባለቤቷ አየችኝና "አላውቅህም ወንድሜ" አለች። አልተቀየምኳትም። ብቻዋን ያለች ሴት ናት፣ እኔ ደግሞ መሽቶብኝ የመጣሁ ወንድ ነኝ። እንደዚህ ያለ ቤት አትለምኑ። አመስግናችሁ እለፉ።

ትንሽ እንደሄድኩ በጎች የሚነዳ ልጅ አገኘሁ። ሰላም አልኩት። "ጎማው ምን ሆነ?" አለኝ። ነገርኩት። "አባባ አሉ፣ ና" ብሎ ከአስፋልቱ ወጣ። ተከተልኩት።

ቤቱ የድንጋይ ነው። ጭሱ በክዳኑ ጠርዝ ይወጣል። አጥሩ ጋ ስንደርስ ልጁ ሊገባ ሲል "ቆይ" አልኩት። ሄልሜቴን አውልቄ ሳይክሉን ካቡ ላይ አስደገፍኩ። ከዚያ ከውጭ ቆሜ "ቤቶች! እንደምን አመሻችሁ!" ብዬ ተጣራሁ። የቻቻውን ሽማግሌ እያሰብኩ ነው።

የቤቱ ጌታ ወጡ። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። "የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ አባባ" አልኩ። ይህን አባባል ከአያቴ ነበር የሰማሁት። በአፌ ስለው የመጀመሪያዬ ነው፤ ትንሽ አፈርኩ። እሳቸው ግን ምንም አልመሰላቸውም። "ቤት ለእንግዳ" አሉ፣ ልክ "ደህና አመሸህ" እንደማለት።

ግን ወዲያው አላስገቡኝም። መታወቂያዬን ጠየቁ። ማንበብ አይችሉም መሰለኝ፤ ልጃቸው ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ከዚያ በግ የሚነዳውን ልጅ ወደ ጎረቤት ላኩት። የቀበሌው ሚሊሻ መጥቶ ደግሞ አየኝ፣ ሳይክሉን አየ፣ ቦርሳዬን አስከፈተኝ፣ ድንኳኑን ሲያይ ሳቀ። ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት ቢወስድ ነው። ከተማ ለለመደ ሰው ያናድዳል። እኔን ግን ቀለል አደረገኝ፤ ሰፈሩ ሁሉ ማን እንደሆንኩ አውቆ ነው ያደርኩት። መታወቂያ ሳትይዙ እንዳትወጡ። "ለቀበሌ ይነገር" ሲሏችሁም ፊታችሁን አታጥቁሩ።

ስገባ የተቀመጡት ሁሉ "ኖር!" ብለው ተነሱ። "በእግዜር!" አልኩ። ልጅቷ በሳፋ ለብ ያለ ውሃ ይዛ መጣች። እግሬን ልታጥበኝ ነው። እኔ ራሴ እታጠባለሁ ብዬ ተከላከልኩ። እማማ ከምድጃው ጋ ሆነው "ተው ልጄ፣ ደክሞሃል" አሉ። ተውኩት። ካልሲዬ ከእግሬ ሲለይ የወጣውን ሽታ አልገልጸውም። ልጅቷ ፊቷን እንኳ አላጨማደደችም። ጣቶቼን አንድ በአንድ አሸችልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ጉዞው ስጠየቅ መጀመሪያ የሚመጣብኝ የዚያ ውሃ ሙቀት ነው።

ረቡዕ ስለሆነ "ጾመኛ ነህ?" ተባልኩ። ሽሮ በገብስ እንጀራ ቀረበ፣ ቀጥሎ አሹቅ። እማማ በየመሃሉ "ብላ እንጂ፣ በሞቴ!" ይሉኛል። በማግስቱ አስተርእዮ ማርያም ናት፤ ቤቱ ዝክር አለበት። ጠላው ጋኑ ውስጥ ነው። እማማ በጣሳ ጉሹን ቀድተው "ደርሷል ወይ? አንተ ፍረድ" አሉኝ። ስለ ጠላ የምፈርድ ሰው አይደለሁም፤ ፈረድኩ ግን።

መደቡ ላይ ጀንዲ አነጠፉልኝ። ላዬ ላይ ባና ጣሉብኝ። ባና አታውቁ ከሆነ፣ ከበግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። ሲጥሉባችሁ ሰው የተኛባችሁ ያህል ይከብዳል፣ በግ በግ ይሸታል። ውጭ ውርጭ ነው፤ እኔ ላብ አልቦኛል። ሌሊት አባባ ሲወጡ ነቃሁ። በጋቢ ብቻ ነው የተኙት። ባናው የሳቸው ነበር።

ጠዋት አንድ ባለ ጋሪ ጎረቤት ተጠርቶ መጣ። እዚያ አካባቢ የፈረስ ጋሪ ብዙ ነው፣ ጋሪ ያለው ሰው ደግሞ የጎማ ነገር ያውቃል። የራሱን ማስቲሽ ይዞ ነው የመጣው። ከመነዳሪውን ከመንካቱ በፊት ግን ጎማውን ገልብጦ ውስጡን በጣቱ ቀስ እያለ ዳሰሰ። አንድ ዙር ሳይጨርስ "ይኸው" አለ። ከፀጉር ትንሽ የምትወፍር የሽቦ ስባሪ ናት። የከባድ መኪና ጎማ ሲፈነዳ አስፋልቱ ላይ የሚቀረው ሽቦ ነው። የመጀመሪያውም የሁለተኛውም ቀዳዳ እሷው ነበረች! እኔ ትናንት ጠዋት ከመነዳሪውን ብቻ ቀይሬ ሽቦዋን እዚያው ትቻታለሁ። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ፦ አዲስ ከመነዳሪ ከማስገባታችሁ በፊት የጎማውን ውስጥ በጣታችሁ ዳስሱ። ቀስ ብላችሁ፤ ይቆርጣል።

ከዚያ ትልቁን ጥፋት አጠፋሁ። ለአባባ ሁለት መቶ ብር አውጥቼ ዘረጋሁ።

ብሩን አላዩትም። እኔን አዩኝ። "ቤቴን ሆቴል አደረግኸው?" አሉ፣ ድምፃቸው ሳይነሳ። እጄ በአየር ላይ ቀረ። ያዳኑኝ እማማ ናቸው። "ልጅ ነው፣ የከተማ ልጅ። ለማርያም ያስገባው" አሉ። ብሩ ቤተ ክርስቲያን ሄደ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ጠይቄያለሁ። ለእንዲህ ያለ ቤት የሚሆነው ጥሬ ቡናና ስኳር ነው። ያ አገር ደጋ ነው፤ ቡና አይበቅልበትም፣ ተገዝቶ ነው የሚጠጣው። ግማሽ ግማሽ ኪሎ እያደረጋችሁ ያዙ። ሲሰጥ ለቤቱ እመቤት ነው፣ ያውም እንደገባችሁ፤ ስትወጡ ከሆነ ሒሳብ ይመስላል። ለልጆች ደብተርና እስክሪብቶ ጥሩ ነው፤ በመንገድ ላይ እያነሳችሁ አትበትኑ እንጂ፣ ለወላጅ ስጡ። ለባለ ጋሪው ግን ከፍዬዋለሁ። እሱ ሥራ ነው የሠራው፤ እሱም አላንገራገረም።

በጠዋቱ ልሄድ ብል ማን ለቆኝ። "ጸበል ጻዲቅ ሳትቀምስ?" ቄሱ ዳቦውን ባርከው እስኪቆርሱ ተቀመጥኩ። ዳቦው ከኮባ ቅጠሉ ተላቆ ሲነሳ ቤቱ በሙሉ በመዓዛው ተሞላ። እኩለ ቀን ላይ ሆዴ ተወጥሮ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ሌላ ዳቦ ተጨምሮልኝ ወጣሁ። አምስት ኪሎ ድንኳን፣ ሁለት ኪሎ ዳቦ።

ጣርማ በር ላይ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የቆፈሩት ዋሻ አለ። ከ500 ሜትር በላይ ይረዝማል። ውስጡ ጨለማ ነው፣ የመኪና ጭስ ታፍኖበታል፣ መንገዱ ጠባብ ነው። በእጅ ባትሪ ብቻ ለመግባት አትሞክሩ። እኔ አፉ ላይ ቆሜ ሳመነታ አንድ የአይሱዙ ሹፌር አጠገቤ አቆመ። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ጋሼ፣ ፊት ፊት ሂድ፣ እኛ ከኋላ እናበራልሃለን!" አለኝ። ጋሼ መባሌ ትንሽ ቆጠቆጠኝ፤ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ግን ሄድኩ። መኪናው መብራቱን አብርቶ፣ ፍሬቻውን እያርገበገበ፣ በኔ ፍጥነት ከኋላዬ ተከተለኝ። ከሱ ኋላ ስንት መኪና እንደተደረደረ ያወቅኩት ከወጣሁ በኋላ ነው። አንዱም ክላክስ አላደረገም ብል እዋሻለሁ። ሹፌሩ ግን አልፎኝ ሲሄድ እጁን ብቻ አወዛወዘ።

ከዋሻው ወዲያ መሬቱ ይናዳል። በአንድ በኩል ገደል፣ በታች ጭጋግ። ጭላዳዎች ከመንገዱ በላይ ሣር ይነጫሉ፤ ለሳይክል ግድ የላቸውም። ከዚህ ከ3000 ሜትር በላይ ከሆነው ከፍታ ተነስቶ ሸዋ ሮቢት 1300 ሜትር ግድም ላይ እስኪደርስ መንገዱ ቁልቁለት ነው። ያልለመደ ሰው "አሁን እረፍት ነው" ይላል። ውሸት ነው። ዳገት ያደክማል፤ ቁልቁለት ነው የሚገድለው። ፍሬን ይዛችሁ አትውረዱ፤ ያዝ ለቀቅ አድርጉ። በየጥቂት ኩርባው ቆማችሁ ቸርኬው እስኪበርድ ጠብቁ። እኔ አንዴ ውሃ ጠብ ሳደርግበት ቺስ ብሎ ተነነ። ደብረ ሲና ስደርስ የፍሬኑ ጎማ ተበልቶ ብረቱ ሊነካ ነበር። ትርፉን ስላልረሳሁት ራሴን አመሰገንኩ። ከዚያ ቆሎ ከሚሸጡት ልጆች ገዝቼ፣ አልጋ ይዤ፣ እየቆረጠምኩ ተኛሁ።

ዓርብ ሸዋ ሮቢት ገባሁ። ሙቀቱ ሌላ አገር ነው። ጃኬቷን አውልቄ ፓፓያ በላሁ። ስመለስ ሳይክሉ አውቶቡስ ፖርቶመጋላ ላይ ነው የተጫነው። ዋጋውን ሳይጫን በፊት ተነጋገሩ፤ ከተጫነ በኋላ ዋጋው ሌላ ነው። ፔዳሎቹን ፍቱ፣ መሪውን አጣጥፉ፣ ሲታሰርም ቆማችሁ እዩ።

አዲስ አበባ ስገባ ያነሳኋቸውን ፎቶዎች አሳጥቤ በፖስታ አደረግኩና በዚያ መስመር ለሚሠራ ሹፌር ሰጠሁ። ጉዶ በረት ከአንድ ሱቅ እንዲያስቀምጥልኝ። ሦስት ሳምንት ጠፋ። አንድ እሑድ ከማላውቀው ስልክ ተደወለ። እግሬን ያጠበችኝ ልጅ ናት።

"ፎቶው ደረሰን። አባባ ግን ተቆጥተዋል።"

"ምነው? ምን አጠፋሁ?"

"ሳይክሉ የለበትም ይላሉ።"